«በገዛ እጁ ነው»

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን እድር የተደረገ አንድ ስብሰባ እስካሁን ከኅሊናዬ አልወጣም። አንድ አናጢ አባላችንን መጠጥ ሙያውን አስጥሎ አልጋ ላይ አውሎት ነበርና ሚስቱ ለማሳከሚያ የሚሆን ብድር ከእድሩ ለመነች። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ወንድሞቼ፣ በሽታ ቢሆን ማን ይከለክላታል? ይህ ግን በገዛ እጁ ነው» አሉ። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ። እጄን ካወጣሁት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ያወጣሁትም ከሽማግሌው ጋር ነው። በዓመቱ ጡሩንባ ተነፋ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ንፍሮው ተቀቀለ፤ በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ አምስት ሳንቲም ሳይጎድል ለሚስቱ ተከፈለ። ሰውየው በምን ሞተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

«በገዛ እጁ» የምትለዋ ፍርድ ዕድሜዋ ረጅም ነው። አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል፣ ዕውር ሆኖ ለተወለደ ሰው ሁሉም ያዝናል፣ በስካር ዓይኑን ላጠፋ ግን ወቀሳ ይገባዋል የሚል ሐሳብ አለ። እዚያው አካባቢ ድንጋይ የወረወረ ሰው ይነሣል፤ ድንጋዩ ከእጁ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው ባይችልም መወርወሩ የራሱ ፈቃድ ነበር። ምሳሌው ጠንካራ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ያልተነገረው ነው፤ ድንጋዩን ማን አቀበለው? ከሽያጩ ላይስ ማን ቀረጥ ወሰደ? ደግሞም አብዛኛው አጫሽ የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሚለኩሳት ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው። ፈላስፋው ስለ ፈቃድ ሲያወጣ ሲያወርድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በዓይኑ ፊት የነበረ አይመስለኝም።

ይህ ጥያቄ ከእድር ወጥቶ የመንግሥት በጀት ውስጥ ሲገባ ምን መልክ እንደሚይዝ ማየት ለሚፈልግ እንግሊዝ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት፣ ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ሲጋራ ማቆም የሚፈልጉትን የመርዳቱና የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞችን የማሳከሙ ኃላፊነት ወደየአካባቢው ምክር ቤቶች ተዛወረ። ገንዘቡ ከማዕከላዊው መንግሥት ለሕዝብ ጤና ብቻ ተብሎ የሚሰጥ ድጎማ ነው። ምክር ቤቶቹ የግድ ሊያሟሏቸው የሚገቡ ጥቂት አገልግሎቶች በደንብ ተዘረዘሩ፤ የአባለ ዘር በሽታ ሕክምና አለበት፣ የተማሪ ሕፃናትን ክብደትና ቁመት መለካትም አለበት። የሱስ ሕክምናና ሲጋራ ማስተው በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። መጠናቸው ለምክር ቤቱ ፍርድ ተተወ።

ከዚያ ድጎማው ራሱ ይመነምን ጀመር። የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ፣ ከ2015 በኋላ ባሉት ዓመታት ለአንድ ነዋሪ የሚደርሰው ገንዘብ ሩብ ያህል ቀነሰ። በዚህ ጊዜ መቀሱ ቀድሞ የሚያርፈው የግድ ባልተባለው ላይ ነው። የምክር ቤቱን አባል ጨካኝ አድርጎ መሳል ለጸሐፊ ቀላል ነው፤ ልክ ግን አይመስለኝም። በዚያችው ጠባብ ኪስ ሕፃናትም እናቶችም ይጠብቁታል። ሱሰኛው ከሕፃን ጋር ሲሰለፍ ማን ወደ ኋላ እንደሚቀር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የገዛ እናቱ እንኳ ስለ እርሱ በአደባባይ መጮህ ታፍራለች።

ሐኪሟ ዴም ካሮል ብላክ በ2021 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ መንግሥት ባቀረቡት ጥናት የዕፅ ሱስ ሕክምናው ክፉኛ መዳከሙን ገልጸው፣ ለሕክምና የወጣ አንድ ፓውንድ አራት ፓውንድ እንደሚመልስ አስረዱ። ስሌቱ የበጀት ሰዎችን ለማሳመን እንደሚበጅ አልጠራጠርም። እንደ ሥነ ምግባር መልስ ግን አይበቃኝም። ሰው የሚታከመው ስለሚያተርፍ ከሆነ፣ ሰባ ዓመት የሞላው፣ ሥራ የማይሠራ፣ የማይሰርቅም አጫሽ ምን ሊሆን ነው?

ይልቅ የገንዘቡን መንገድ እንከተል። የሲጋራ ቀረጥ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ሆኖ ወደ ማዕከላዊው ግምጃ ቤት ይገባል፤ ሲጋራ ማስተው ግን የምክር ቤቱ ዕዳ ነው። ከ2024 ጀምሮ ለዚሁ አገልግሎት በዓመት ተጨማሪ 70 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቧል፤ መልካም ነው፤ ከሚሰበሰበው ጋር ሲነጻጸር ግን የአጥቢያ ምጽዋት ይመስላል። «በገዛ እጁ ነው» የሚለው ወቀሳ ሕክምና ሲጠየቅ እንጂ ቀረጥ ሲሰበሰብ አይሰማም።

እኛም ከዚህ አንርቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በፓኮ 8 ብር ጣለ። ከዚያ ቀደም ብሎ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም መጠጥም እንዳይሸጥ በአዋጅ ተከለከለ። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ቀረጡ የአገሪቱን ጠረፍ ሁሉ ያዳርሳል፤ የሱስ ሕክምና ግን በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ስላለ ከሩቅ ወረዳ የመጣ ሰው የትራንስፖርቱንም የማደሪያውንም ከኪሱ ይችላል።

አናጢው ጥፋት አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። ነበረበት፤ ሚስቱ ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። እኔን ግራ ያጋባኝ ሌላ ነው። በሕይወት ሳለ የነፈግነውን ርኅራኄ በሞተ ማግስት ከየት አመጣነው? ብዙ አስቤበት ያገኘሁት መልስ ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም፤ ርኅራኄ አልነበረም። ቀብሩ በደንቡ ስለ ተጻፈ የማንንም ፍርድ አልጠበቀም። ሕክምናው ስላልተጻፈ ግን እኛ ፈራጆች ሆንን። የእንግሊዝ ምክር ቤቶች የገጠማቸውም ይኸው ይመስለኛል።

ስለዚህ ባለፈው ስብሰባ አንድ አንቀጽ በደንቡ እንዲጨመር ጠየቅሁ፤ አባል ሲታመም የበሽታው ምክንያት ሳይጠየቅ ለሕክምና ብድር ይሰጠው የሚል። እኒያው ሽማግሌ ሐሳቡን አልጠሉትም። «‹ምክንያቱ ሳይጠየቅ› የምትለዋ ብቻ ትውጣ» አሉ። ብትወጣ ኖሮ አንቀጹ የዚያኑ ዕለት ይጸድቅ ነበር። እኔም አልተውኩ፣ እርሳቸውም አልተዉ። ዳኛው ለሚቀጥለው ወር ቀጠሩት።