ርስትና ጸሎት በናቫሆ ምድር

በአሪዞና፣ ብላክ ሜሳ በተባለው አምባ የምትኖር፣ ናቫሆ ከተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆነች እናት የልጇን እትብት በበጎች በረት አጠገብ የምትቀብረው ከመንጋውና ከምድሪቱ ጋራ የማይፈታ ኪዳን እንዲኖረው ነውና፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ናቫሆና ጎረቤቱ የሆፒ ሕዝብ በጋራ ይዘውት የነበረውን 1.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት በአጥር ከፍሎ ከ10,000 የሚበልጡ ናቫሆዎችን ሲያፈልስ፣ ጸሎታቸውንም አብሮ አፈለሰ። ሆፒዎችም በዚያ ምድር የቆየ መብትና የተቀደሰ ስፍራ እንዳላቸው አልክድም፤ ዳሩ ግን የጎረቤታሞችን ክርክር አሮጊትን ከቤቷ በማስወጣት መፍታት ፍትሕ ነው ብዬ እንድቀበል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ለተፈናቀሉት ምትክ ቤት ተሰጥቷቸዋል ለሚሉኝ የመጽሐፍ ቅዱሱን ናቡቴን አነሣለሁ፤ እርሱም ንጉሡ አክዓብ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በብር ልስጥህ ቢለው የአባቶቹን ርስት አልለወጠም። ደግሞስ ከምትኩ መሬት ከፊሉ የሚገኘው በ1979 የዩራኒየም ዝቃጭ በፈሰሰበት በፑዌርኮ ወንዝ ዳር አይደለምን?

ተራራውና ምንጩ መሠዊያቸው የሆነላቸው እነዚህ ሰዎች ስለ ሃይማኖታቸው ነጻነት ቢከሱ ፍርድ ቤቱ ክሳቸውን ውድቅ አደረገው፤ አንለቅም ብለው ለቀሩትም በ1996 የወጣው ሕግ የ75 ዓመት የኪራይ ውል አቅርቦ፣ ርስተኛውን በገዛ እትብቱ ላይ ጭሰኛ አደረገው።