ካሣ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ?

ሰው በሌላ ሰው ሥራ ላይ ሳለ አካሉ ቢጐድል፤ አሠሪውም ያጠፋው ጥፋት ባይኖር፤ ካሣ ሊከፍል ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ የጭነት መኪና ላለው ሁሉ የሚቀርብ ነውና አስተውለን እንመርምረው።

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነዳውን ሾፌር እናስበው። የአፋር በረሃ ሐሩር ያቃጥለዋል፤ ሌሊቱ በእንቅልፍ ይፈትነዋል። ረዳቱም ጭነት ሲያስርና ጎማ ሲለውጥ ከአደጋ የራቀ አይደለም።

ባለንብረቱ ግን «እኔ በቤቴ ተኝቼ ሳለሁ መኪናው ቢገለበጥ ስለ ምን እጠየቃለሁ?» ይል ይሆናል። ነገሩ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ተኝቶ ሳለ ትርፉ ይመጣለት የለምን? ትርፉን ተኝቶ የሚቀበል ሰው ጉዳቱ በመጣ ጊዜ «አላየሁም» ሊል አይገባውም፤ ሁለቱም ከአንድ መንገድ የሚመጡ ናቸውና። እንግዲያስ ካሣ ዕዳ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም። ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ይሰጣል፤ ዕዳ ግን ባለመብቱ ቀና ብሎ የሚጠይቀው ነው።

ይህንንም ሕግ ተቀብሎታል። ጀርመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. አሠሪዎች በማኅበር ሆነው እያዋጡ በሥራ ላይ የተጐዳውን እንዲክሱ ደነገገች። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኀላፊ መሆኑን ይናገራል፤ ሠራተኛው ሆነ ብሎ ራሱን ቢጐዳ ወይም ሰክሮ በሥራ ላይ ቢገኝ ግን አሠሪው አይጠየቅም። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛም ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ቢሳነው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል።

አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? መድን ያስፈለገው ስለዚህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፤ እድርተኛም ለኀዘን ቀን አስቀድሞ እንደሚያዋጣ፤ ብዙ ባለንብረቶች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቢከፍሉ የአንዱ ጉዳት አንዱን አይሰብረውም፤ የተጐዳውም ቤተ ሰብ ለልመና አይወጣም።

ነገር ግን ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። ፊተኛው፤ ካሣ የሚሰላው በደመወዝ ነውና፤ በውሉ ላይ ደመወዙን አሳንሶ ጽፎ የቀረውን በእጅ የሚሰጥ አሠሪ የልጆቹን እንጀራ አስቀድሞ መቍረሱ ነው። ሁለተኛው፤ «ኩባንያው ይከፍላል» ብሎ ያረጀ ፍሬን የማያስለውጥ፤ እንቅልፍ ያጣውን ሾፌር «ዛሬውኑ ግባ» ብሎ የሚያጣድፍ፤ ዋስትናን የቸልተኝነት መሸፈኛ አድርጎታል። የመድን ውል ሰሙ ገንዘብ ነው፤ ወርቁ ግን የሰው ሕይወት ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ነገሩን አልፈታውም።

ስለዚህ ባለመኪና ሁሉ ሾፌሩን ከማሰማራቱ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር፤ ፍሬኑን፤ የሰውየውን ዕረፍት፤ የውሉንም ቃል። ገንዘብ የጐደለውን ኑሮ ይደግፋል እንጂ የተቈረጠ እግር አይመልስምና።