ባልደረባ ያለው እንግዳ

የሽርሽር መርከብ ከአንድ ወደብ ሲጠጋ ተሳፋሪው በየብስ የሚያሳልፋቸው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ይጠብቁታል። በእነዚህ ሰዓታት ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ድርጅቱ ያሰናዳውን ጉብኝት ከፍሎ ከቡድኑ ጋር ይወርዳል፣ ወይ ካርታውን ይዞ ብቻውን ወደ ከተማው ይገባል። ልዩነቱ የዋጋ ብቻ አይደለም። የድርጅቱ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ ብቻውን የወጣው ቢዘገይ ግን መልሕቁን አንሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከቡድኑ ጋር የሚወርደው ሰው የሚገዛው ሐውልትና ገበያ ማየትን ሳይሆን የሚጠብቀው መኖሩን ነው። በምትኩ የሚያስረክበውም ሰዓቱን ነው።

እኛ ባሕር ባይኖረንም ጥያቄው አለን። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሁሉ ያውቀዋል። ጀልባው ዳር ሲደርስ አስጎብኚው ከፊት ይቀድማል፤ በቡናው ደን መካከል ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ የትንንሽ ታንኳ ምስል በሚሸጡ ልጆች ተሰልፏል፤ ሥዕሉ ይታያል፣ ጀልባ ነጂው ይጣራል፣ ይኬዳል። ከጎብኚዎቹ አንዱ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ቡና ከሚለቅሙት ሰዎች ጋር ሊቀመጥ ቢፈልግስ? የኪነ ጥበብ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ሰው እናደላለን። በራሱ ዓይን ያየ፣ በራሱ እግር የሄደ ነው እንላለንና። እኔም ለብዙ ዘመን እንዲሁ እል ነበር።

የጥንቱ የጎንደር ቤተ መንግሥት ለዚሁ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። ዛሬ ባልደረባ ስንል የሥራ ጓደኛ ማለታችን ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ቃሉ ለእንግዳና ለባለጉዳይ የሚመደበውን ሰው ያመለክት ነበር። የእንግዳውን ቃል ለጌታው፣ የጌታውን ቃል ለእንግዳው የሚያደርስ፣ በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰው ነው። የዘመናችን አስጎብኚ ግን (ብዙዎቹ ትጉሃንና አዋቂዎች መሆናቸውን ሳልዘነጋ ነው) በባለአገሩና በእንግዳው መካከል ሳይሆን በእንግዳውና በሰዓቱ መካከል የቆመ ነው።

ስለ ብቸኛ መንገደኛ ሲነሣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጠቀሱ አይቀርም። ጎንደር የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ሲሆን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ግሽ ዓባይ ደረሰ። መጽሐፉን ያነበበ የዓባይን ምንጭ ለብቻው ያገኘ ጀግና ያያል። ይሁን እንጂ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቆሞ ነበር፤ በጉዞውም አብሮት የነበረውን ኢጣሊያዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ብሩስ ከትረካው አስወጥቶታል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ራሱ የጻፈው ነገር ነው። የዳሞቱ ፋሲል (ግንቡን የሠራው ንጉሥ አይደለም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የተነሣ የጦር አበጋዝ ነው) መንገድ መሪ ከመደበለት በኋላ ኮርቻና ልጓም ያለው ፈረስ ሰጠው። ፈረሱ የተሰጠው እንዲቀመጥበት ሳይሆን ከፊቱ እያስነዳ እንዲሄድ ነበር። የአገሩ ሰው ፈረሱን ሲያይ የማን እንግዳ እንደሆነ ያውቃል፣ አይነካውምም። እነሆ ብቻዬን አገኘሁ የሚለን ሰው የሌላ ሰው ፈረስ ጭራ እየተከተለ ነበር የሄደው።

ይህን በወጉ የገባኝ ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት፣ በሳንጃ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ አርባ ተማሪዎች ይዘን በትክል ድንጋይ በኩል ለአንድ ቀን ጉብኝት ወደ ጎንደር ወጣን። ሳንጃ ቆላ ነው፤ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያበቅላል፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ ደጋውንም ከተማውንም አይተው አያውቁም። መርሐ ግብሩ በደቂቃ የተሰፈረ ነበር። በፋሲል ግቢ አስጎብኚው የነገሥታቱን ስም በተራ ዘረዘረ፣ የአሥራ ሁለቱን በሮች ስም ነገራቸው፣ እነሱም ጻፉ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ አንገታቸውን ቀና አድርገው ከጣራው የሚያዩአቸውን የመላእክት ፊቶች ሲመለከቱ ሳለ አጨብጭቤ አስወጣኋቸው፤ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከምሳ በኋላ ስንቆጥር አንድ ልጅ ጎደለ።

የሰው ልጅ አደራ ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አወቅሁ። ወደ ቁስቋም የነበረው ጉዞ ተሰረዘ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ልጆች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ፤ እኔና ጓደኛዬ ከአራዳ እስከ ፒያሳ በላብ ተጠመቅን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት ትንሽ ልጅ እጁን ይዛ አመጣችው። ቅዳሜ ገበያ ነበር። በአህያ የተጫነ የሰሊጥ ጆንያ አይቶ፣ የእኛ አገር ሰሊጥ ነው ብሎ ተከትሎ ሄዷል። ገበያው ውስጥ አንዲት አሮጊት ሰሊጥ ሻጭ ዋጋውን ሲነግሩት ደነገጠ።

«እማማ፣ አባቴ በስንት እንደሸጠው ልንገርዎ?» አላቸው።

«ንገረኝ ልጄ፤ ግን መጀመሪያ ቁጭ በል» አሉት።

እሳቸውም የጫኙን፣ የደላላውን፣ ሲበጠር የሚጎድለውን አንድ በአንድ አስረዱት። እንጀራም አቀረቡለት። ከማን ጋር እንደመጣ ሲሰሙ ደንግጠው የልጅ ልጃቸውን ከእሱ ጋር ላኩ።

ከእኛ ሁሉ ጎንደርን ያወቀ እሱ ነበር። የአባቱ ላብ በምን መንገድ ሄዶ የት እንደሚደርስ አየ፤ እኛ የበር ስም ይዘን ተመለስን። ነገር ግን ለነፃነቱ የከፈሉት ቁስቋም የቀረባቸው ሠላሳ ዘጠኝ ጓደኞቹ ናቸው፤ ደኅንነቱን የጠበቁለት ደግሞ የማያውቁትን ልጅ አስቀምጠው ያበሉት አሮጊት ናቸው። እሳቸው የብሩስን ፈረስ ሆነውለታል። እኔ ልጁን ቀጣሁት። ጥፋቱ መሄዱ ነበር ወይስ ሳይናገር መሄዱ? ያን ጊዜ አልለየሁትም፤ የቀጣሁት ስለ ፈራሁ ነው።

ስለዚህ ቅራኔው በቡድንና በብቸኝነት መካከል አይመስለኝም። ከአገሩ ሰዎች አንድስ እንኳ «የእኔ እንግዳ ነው» የማይለው መንገደኛ፣ በአውቶቡስ ይምጣ በእግሩ፣ አገሩን ከውጭ ነው የሚያየው። እንግዳዬ የተባለ ደግሞ ዕዳ አለበት፤ ብቻዬን ነኝ ማለት አይችልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ይህ ነገር የፍልስፍና ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። መንገድ የሚነሣ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ካርታን ሳይሆን በመንገዱ ላይ የሚኖረውን ሰው ነው፤ መልስ የሚሰጠው ሰውም በቃሉ ራሱን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

በተከታዩ ዓመት የጉብኝቱን ዕቅድ እንደገና ጻፍሁ። ከቤተ መንግሥቱ ጉብኝት ጊዜ ቀነስሁ፤ ልጆቹን አምስት አምስት አድርጌ፣ በየቡድኑ ጎንደር ዘመድ ያለው አንድ ተማሪ መደብሁ፤ ከሰዓት በኋላ ካለው ጊዜም አንዱን ሰዓት ባዶ ተውሁት። ዕቅዱን የሚያጸድቀው ሰው ባዶውን መስመር በእርሳሱ እየነካ ልጆቹ በዚህ ሰዓት ምን እንደሚያዩ ጠየቀኝ። ቅዳሜ ገበያ ያሉ አንዲት ሰሊጥ ሻጭ እንደሚያውቁ ነገርሁት።