ከአንገት በላይ

ከሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ ትሑቱ ሃርሞኒካ ይመስለኛል። ኪስ ውስጥ ይገባል፤ እንደ ፒያኖ ሳሎን አያጣብብም፤ እንደ ክራር ቃኙኝ አይልም። ማቲያስ ሆነር የተባለ ጀርመናዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1857 በትሮሲንገን ከተማ እየሠራ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የስንቱን ወታደርና መንገደኛ ብቸኝነት አስታግሷል።

የተለመደው ዓይነት 10 ቀዳዳዎችና 20 ስስ የብረት ምላሶች አሉት። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሲነፉት አንድ፣ ወደ ውስጥ ሲስቡት ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ዋሽንት የሚሰማው ሲነፉት ነው፤ ሃርሞኒካ ግን ትንፋሽ መውሰድንም ዜማ ያደርገዋል። በጉሮሮና በምላስ አቀማመጥ ድምፁን ዝቅ ማድረግ፣ ማስለቀስም ይቻላል። ባጭሩ፣ ሰውየው ሲተነፍስ መሣሪያው አብሮት ይተነፍሳል።

እንግዲህ ይህ ዕቃ ዛሬ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስክሪኑ ላይ የቀዳዳዎቹ ሥዕል አለ፤ በጣት ነካ ሲያደርጉት የሃርሞኒካ ድምፅ ይወጣል። ትንፋሽ የለ፣ ድካም የለ። በሌላ በኩል ሌክሆልም የተባለ የስዊድን አምራች የሠራው ዲኤም 48 የሚሉት ኤሌክትሮኒክ ሃርሞኒካ አለ። በውስጡ አንድም የብረት ምላስ የለም። ነገር ግን በየቀዳዳው የትንፋሽን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለው፤ ነፍተውም ስበውም ይጫወቱታል። ከኮምፒዩተር ጋር ሲያገናኙት በቫዮሊን ድምፅ ሊናገር ይችላል።

አንዱ የሃርሞኒካ ድምፅ አለው፤ ትንፋሽ ግን አይጠይቅም። ሌላው ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ድምፁ ግን የቫዮሊን ሊሆን ይችላል። ታዲያ ሃርሞኒካው የቱ ነው?

«ድሮ ቀረ» ለማለት አይደለም። ኤሌክትሪክና ሃርሞኒካ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ሊትል ዎልተር እ.ኤ.አ. በ1952 በቺካጎ «ጁክ»ን ሲቀዳ የነፋው በአምፕሊፋየር ነበር። ስልክም ቢሆን ትንፋሽ መስማት አያቅተውም፤ ኦካሪና የተባለው የአይፎን መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ የሚጫወቱት ማይክሮፎኑ ላይ እፍ እያሉ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የሽቦውም የስልኩም አይደለም።

እኛ ልባዊ ያልሆነን ነገር «ከአንገት በላይ» እንለዋለን። እንዴት ያለ ልክ ነው! ሳንባም ልብም ያሉት ከአንገት በታች ነዋ።

እስቲ ልቅሶ ቤትን እንውሰድ። ባሕር ማዶ ያለች እህት መምጣት ባትችል ትደውላለች፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ሳትጨርስ ሲቃ ያቋርጣታል። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ አንዱ፣ ሰው እንዲያየው ብቻ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይቀመጣል። ሦስተኛው ለአሥር ሐዘንተኛ የላከውን ባለ ሻማ ሥዕል ለአሥራ አንደኛው ያስተላልፋል። ቃሉ በሦስቱም ዘንድ አንድ ነው። ትንፋሽ የተሰማው ግን ባሕር ተሻግሮ በመጣው ድምፅ ውስጥ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ በአካል ከተገኘው ሰው ዘንድ አይደለም።

«ለሰሚው ምን ለውጥ አለው? ድምፁ ከደረሰ በቂ ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሳንባው ለደከመ ሰው፣ የጎረቤቱን ሕፃን መቀስቀስ ለማይፈልግ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ የጣት ሃርሞኒካ ደግ ነገር ነው። ሰሚውም ላይለየው ይችላል። ሥዕል ያስተላለፈው ሰውዬስ ምናልባት እያለቀሰ ይሆናል የላከው፤ በምን እናውቃለን? ለዚህም ነው ይህ መለኪያ በሌላው ላይ ለመፍረጃ የማይሆነው።

ነፊው ግን ያውቃል። ከደረቱ ይሁን ከጣቱ ብቻ የወጣው፣ እሱ አይጠፋውም። ጥያቄው የሚቀርበውም ለእሱ ነው። ሃርሞኒካ ያልነፋ ሳንባ ምንም አይሆንም፤ ሐዘንንና ደስታን በጣት ብቻ መወጣት የለመደ ልብ ግን ቀስ በቀስ ይደነድናል፤ መደንደኑንም አያውቅም፤ ድምፁ አልጠፋማ። ስክሪኑን ከመንካታችን በፊት አንዴ ትንፋሽ መሳብ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ምናልባት ከዚያ በኋላ መደወልን እንመርጥ ይሆናል።