ጭንቅላትም ሪዝቅ ነው

 

አንዱን ልጅ «ይሄማ የትም ይደርሳል» ለማለት ብዙ ጊዜ የፈተና ውጤቱ ይበቃናል። ሌላውን «ከሱ ምንም አይወጣም» ለማለትም ያው ውጤት ይበቃናል። ለመሆኑ ፈጣን ጭንቅላት ያለው ሁሉ ይሳካለታል? ዛሬ ይህን አብረን እናስተንትን።

ጥያቄውን በቁጥር ልመልስ ያለ ሰው ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 የካሊፎርኒያ ልጆችን በአይኪው ፈተና እያጣራ ከ1,500 የሚበልጡ ልጆችን መረጠ። አብዛኞቹ 135 እና ከዚያ በላይ ያመጡ ነበሩ። ከዚያም አድገው እስኪያረጁ ሕይወታቸው ተጠና፤ እሱ ከሞተ በኋላም ጥናቱ አልቆመም።

ሐቁን እንናገር፤ ብዙዎቹ ጥሩ ቦታ ደርሰዋል። ፕሮፌሰር፣ ሐኪም፣ ጠበቃ የሆኑ አሉ። ስለዚህ «ጭንቅላት ምንም አይጠቅምም» የሚላችሁን አትስሙት። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ተፈትነው ነጥባቸው አልሞላም ከተባሉት ልጆች መካከል ዊሊያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከተመረጡት ግን አንድም የኖቤል ተሸላሚ አልወጣም።

ሁለተኛ፣ ተርማን ከወንዶቹ መካከል እጅግ የተሳካላቸውን 150 እና ያልተሳካላቸውን 150 ለይቶ ሲያነጻጽር፣ በአይኪው ያን ያህል አይበላለጡም ነበር። የለያያቸው ጽናት፣ በራስ መተማመንና ያደጉበት ቤት ነበር።

ሦስተኛ፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር አንድ ዓይነት ፈተና አልፈው ነው የገቡት። በዚያ ዘመን ለሴት የተከፈተው የሥራ በር ጠባብ ስለነበር ግን ብዙዎቹ ወንዶቹ የደረሱበት አልደረሱም።

ስለዚህ ጭንቅላት አንድ ሰበብ ነው እንጂ ብቸኛው ሰበብ አይደለም። ልፋት አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ሰዎች የሚከፍቱትና የሚዘጉት በር አለ። ከሁሉም በላይ የአላህ ውሳኔ አለ።

ግን «ተሳካለት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሾክሌይን እንመልከተው። ትራንዚስተርን ከፈለሰፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፤ በእጃችሁ ያለው ስልክ ያለ ትራንዚስተር አይሠራም። ይኸው ሰው በኋላ ዘመኑ ጥቁሮች በተፈጥሯቸው በአእምሮ ያንሳሉ እያለ ሲሰብክ ኖረ፤ ማስረጃ አድርጎ ያቀርብ የነበረውም የአይኪው ውጤት ነው። በልጅነቱ ፈተና የጣለው ሰው፣ አድጎ ሕዝብን በፈተና የሚጥል ሆነ። ጭንቅላቱ ከኪብር አላዳነውም።

የቃሩንን ታሪክ ታውቃላችሁ። ሀብቱን በራሴ እውቀት ነው ያገኘሁት አለ። ጥፋቱ ማወቁ አልነበረም፤ ሰጪውን መርሳቱ ነው። ፈጣን ጭንቅላት ማንም ሠርቶ ያላመጣው ሪዝቅ ነው። ባልለፋንበት ነገር እንዴት እንኮራለን? ሪዝቅ አማና ነው፤ ይጠየቁበታል።

«ታዲያ ጎበዞችን ለይቶ ማስተማር ስህተት ነው?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ቶሎ የሚገባውን ልጅ ማጎተትም በደል ነው። በቂርኣት ቤት ደረሳው ሁሉ በደረሰበት ልክ ይቀራል፤ ቀድሞ የገባው ደግሞ ኋላ ያለውን ያስቀራል። ከፊት መሄዱ ለኋለኛው እጅ ለመስጠት ነው። ስህተቱ፣ አንዱን ለይተን ስናበቃ ከሌላው ፊታችንን ማዞራችን ነው።

ዐይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ለመማር ሲመጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽን ታላላቆች ወደ ኢስላም ለማምጣት እየጣሩ ስለነበር ከሱ ፊታቸውን አዞሩ። በዚህ ምክንያት ቁርኣን ወረደ፤ አላህም ነቢዩን ወቀሳቸው። ለመማር የመጣ ሰው ከታላላቆቹ በኋላ የሚታይ አልነበረም። ያ ሰው በኋላ የነቢዩ ሙአዚን ሆነ።

በአገራችን የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወጣቶች በአላህ ዘንድ ወድቀዋል ማለት ነው? በፍጹም!

ውጤት ያልመጣላችሁ፣ ፈተናው የለካው የዚያን ቀን መልሳችሁን ነው፤ ጽናታችሁን፣ አደባችሁንና ኒያችሁን አልለካም። የደከማችሁበትን ትምህርት እንደገና ያዙት፣ ወይም ሌላ ሙያ ጀምሩ። ውጤት የመጣላችሁ ደግሞ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ አንድ የከበደው ልጅ ፈልጉና አስጠኑት። የጭንቅላት ዘካው ይህ ነው።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ በሰጠን ከመኩራት፣ በነፈገን ተስፋ ከመቁረጥም ይጠብቀን። አሚን።