ማሽኑ ሲሳሳት ተጠያቂው ማን ነው?



ሰሞኑን ከደርስ በኋላ አንዲት ተማሪዬ ወደ ኋላ ቀርታ «ጥያቄ አለኝ» አለችኝ። የእናቷን የደም ምርመራ ውጤት ፎቶ አንስታ ስልኳ ላይ ላለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ሰጥታዋለች። እሱም በጥሩ አማርኛ ካብራራላት በኋላ፣ እናቷ ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ኩላሊት ስለሚጎዳ ቢቆም ይሻላል አላት። መድኃኒቱ ከቆመ አራት ቀን ሆኖታል። «ኡስታዝ፣ እናቴ አንድ ነገር ብትሆን ወንጀሉ የማን ነው?»

እናቷን ዛሬውኑ ወደ ሐኪማቸው እንድትወስዳቸው ነገርኳት፤ የመድኃኒቱ ነገር እኔ ዘንድ የሚጠየቅ አይደለም። የወንጀሉ ጥያቄ ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

ጥያቄው ለፉቀሃዎች አዲስ አይደለም። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ፤ መልእክቱ በሕክምና የማይታወቅ ሰው ሐኪም ሆኖ ቢያክም ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው የሚል ነው። ኢብኑል ቀዪም (ረሒመሁላህ) በ«ዛዱል መዓድ» ሐኪሞችን ከዚህ ተጠያቂነት አንጻር በአምስት ይከፍሏቸዋል። ሁሉንም አልዘረዝርም፣ ሁለቱ ይበቁናል። አንዱ ሳያውቅ የሚያክም ነው። ታማሚው የሰውዬውን አለማወቅ እያወቀ ከፈቀደለት ካሳ የለበትም፤ አዋቂ መስሎት ከፈቀደለት ግን አለበት። ልብ በሉ፣ ሚዛኑ ያረፈው ታማሚው ተታሏል ወይ የሚለው ላይ ነው። ሌላው ሙያውን የሚያውቅ፣ አስቦ መድኃኒት ያዘዘ፣ ግን የተሳሳተ ሐኪም ነው። እዚህ ላይ ሁለት አቋም አለ፤ ካሳው ከበይተል ማል ይከፈላል የሚልና የሐኪሙ ዓቂላ፣ ማለትም የአባት ወገን ዘመዶቹ ይከፍላሉ የሚል። በሁለቱም አቋም የተጎጂው ወገን ባዶ እጁን አይመለስም።

ማሽኑስ? ዘመድ የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ቀብር ውስጥ አይጠየቅ። ሙከለፍ አይደለም። ስለዚህ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» የሚለን ሰው የሆነ ሰው ስም እየሸፈነ ነው፤ የሠራውን፣ የገዛውን፣ ወይም ውጤቱን ሳያይ የፈረመውን።

ይህ በወሬ የቀረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዚያድ ኦበርማየርና ባልደረቦቹ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በሰፊው ይሠራበት የነበረ ፕሮግራም፣ ከታማሚዎች መሀል ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልገውን ይመርጥ ነበር። ፕሮግራሙ ስለ ቆዳ ቀለም ምንም አልተነገረውም። የተሰጠው ሥራ ማን ወደፊት ብዙ የሕክምና ወጪ እንደሚያስወጣ መገመት ነው። ወጪ የበሽታ ምልክት ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ሆኖም ለጥቁር ታማሚዎች፣ በሽታው እኩል ሆኖ ሳለ፣ የሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ነበር። ማሽኑም ያነሰ ገንዘብ ሲያይ ያነሰ በሽታ ነው ብሎ አለፈ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት፣ ስህተቱ ቢታረም ተጨማሪ እርዳታ ከሚያገኙት መካከል የጥቁሮች ድርሻ ከ17.7 በመቶ ወደ 46.5 በመቶ ያድግ ነበር።

ማንም ክፉ አልነየተም፣ እንበል። ግን በሽታን በገንዘብ እንለካ ብሎ የወሰነ ሰው ነበር። መለኪያው የተመቸው መዝገቡ ላይ ስለተገኘ ነው። እዚህ አገር መኪና ተሳፍራ ሆስፒታል ለመድረስ የሚበቃ ብር የሌላትን የገጠር እናት አስቧት። በየትኛውም መዝገብ የለችም። ከመዝገብ ብቻ ለሚማር ማሽን ጤነኛ ናት።

ታዲያ ሐራም ነው ልል ነው? አይደለም። (አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር በአንድ ቃል ፈትዋ የሚጠብቁ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ።) የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ራጅ አንብቦ የሳንባ ነቀርሳን የሚጠቁም ሶፍትዌር መጠቀም ይቻላል ብሏል። ራጅ የሚያነብ ባለሙያ በሌለበት ወረዳ ይህ ነፍስ ማዳን ነው፣ መከልከሉም ያስጠይቃል። በታይላንድ ደግሞ ጎግል የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን የሚመረምር ማሽን በ11 ክሊኒኮች ሞክሮ፣ በ2020 በወጣው ጥናት ማሽኑ ከአምስት ፎቶ አንዱን ያህል «ጥራት የለውም» ብሎ እንደመለሰ ተነግሯል። ነርሶቹ ተማረሩ፣ ታማሚውም ለሌላ ቀጠሮ ተንከራተተ። እኔ ግን ያንን ማሽን ወደድኩት። ኢማሙ ማሊክ እንኳ ብዙ ጥያቄ ሲመጣላቸው «አላውቅም» ይሉ ነበር። ተማሪዬ ስልክ ውስጥ ያለው ይህን ቃል አልተናገረም።

በማግስቱ ደወልኩላት። እናቷ ሐኪማቸው ዘንድ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። «መድኃኒቱን አቁሚ ስትያቸው፣ ማን እንዳለ ነግረሻቸዋል?» አልኳት።

ዝም አለች። ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ስትጠይቃቸው ይሰማኛል።

«እኔማ ዶክተሩ ያለሽ መስሎኝ ነው» አሉ እናት።