መመለሻው ተቆርጧል?

ደመወዝ መብላት የጀመረ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፦ የእናቴ ቤት ጣሪያ እያፈሰሰ እኔ ለመዝናናት ብር ማውጣት እችላለሁ ወይ? "እችላለሁ ወይ" ስል አቅሜን አይደለም። አቅምን ካልኩሌተር ይነግረናል። የምጠይቀው መብቴን ነው። ጥያቄው ምግብ ቤት ስንገባም፣ ስልክ ስንቀይርም ይመጣል፤ በጣም የሚከብደው ግን ጉዞ ሲታሰብ ነው። ስልክ ቢያንስ ተመልሶ ይሸጣል። ጉዞ አምስት ቀን ቆይቶ ያልቃል፤ የሚተርፈው ፎቶ ነው።

እኛ አራት ነን። አሶሳ አንድ ክፍል ተምረን ያደግን፤ አሁን ሦስታችን አዲስ አበባ ነን፣ አንዱ እዚያው አሶሳ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል። የእሱ እቁብ መውጣትና የእኔ አንድ የኮንትራት ሥራ ክፍያ ገጠመና "አንድ ጊዜ እንኳ ከአገር እንውጣ" ተባለ። ባንኮክን የመረጠልን ውበቷ ሳይሆን ፓስፖርታችን ነው። ታይላንድ ለኢትዮጵያውያን ኤርፖርት ላይ ቪዛ ትሰጥ ነበር፦ 15 ቀን፣ ክፍያው 2,000 ባት። በእጅህ በነፍስ ወከፍ 10,000 ባት ታሳያለህ፣ የቢጫ ወባ ካርድ ትይዛለህ፣ የተቆረጠ የመመለሻ ትኬት ይኖርሃል።

ትኬቱ፣ ስምንት ሰው የሚያድርበት ክፍል ውስጥ ያለው አልጋና የመንገድ ዳር ምግቡ ተደምሮ በሰው ወደ 900 ዶላር መጣ። ብር በገበያ እንዲመራ ሐምሌ 2016 ላይ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ እኛ ስንሄድ ከ130 አልፏል። ስለዚህ 900 ዶላር ማለት 120,000 ብር ገደማ ነው። "ርካሽ ጉዞ" የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው። ርካሽነቱ ለባንኮክ እንጂ ለአሶሳ አይደለም።

ትኬት ሳንቆርጥ ክርክር ተነሳ። ለቤት ምን እንላለን? አንዱ "ስልጠና ነው እንበል" አለ። ሌላው "ምን ውሸት ያስፈልጋል፣ ኢንቨስትመንት ነው፤ ዓለምን ያየ ሰው ነገ የተሻለ ይሠራል" አለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚሻል ይመስላል። ለእኔ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ደስታን በስሙ መጥራት አፍረው የሥራ ልብስ ያለብሱታል። ኢማኑኤል ካንት ከኮኒግስበርግና ከአካባቢዋ ርቆ ሳይሄድ ነው በ1804 እ.ኤ.አ. የሞተው፤ ያም ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ጂኦግራፊ አስተምሯል። አእምሮ ለመክፈት 900 ዶላር የግድ አይደለም። እኛ የምንሄደው ደስ እንዲለን ነው። ጥያቄው መመለስ ያለበት ይህን ካመንን በኋላ ነው።

እዚህ ጋ መንገድ የሚዘጋው አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ይጠይቃል፦ በኩሬ አጠገብ ስታልፍ ሕፃን ሲሰጥም ብታይ፣ ልብሴ ይጨቀያል ብለህ ትተወዋለህ? አትተወውም። እንግዲያው የማያስፈልግህን ነገር በምትገዛበት ገንዘብ የሰው ነፍስ ማትረፍ እየቻልክ ብትተወው ልዩነቱ ምንድን ነው? ርቀት ልዩነት አያመጣም ይላል። ጽሑፉን የጻፈው በጊዜው ከምሥራቅ ቤንጋል የተሰደዱ ሚሊዮኖችን አስቦ ነው። ለእንግሊዝ አንባቢ እስያ ሩቅ ነበረች፤ ርቀት ሰበብ አይሆንም ማለት ነበረበት።

እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። ሩቁ መዝናኛው ነው፤ ኩሬው ደጃችን ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ወደ ክልላችን ገብተዋል፤ ኡራ የሚባለው መጠለያ የተከፈተው ለእነሱ ነው። የሸርቆሌና የባምባሲ መጠለያዎች ደግሞ ከዚያ በፊትም ነበሩ። ዘመድ ውስጥ ያለው ችግር ሲጨመር፣ በሲንገር ሂሳብ እኔ ባንኮክን ቀርቶ ማኪያቶንም አላገኝም።

ሂሳቡ ስህተት ነው አልልም። አንድ የጎደለው ነገር ግን አለ፦ ኩሬው ውስጥ ያለው ሕፃን አይናገርም። ስለ አንተ ሐሳብ የለውም፣ ነገ አያገኝህም፣ "አንተስ እንዴት ነህ?" አይልህም። በእኛ ኑሮ እርዳታ የሚጠብቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልክ የሚደውል ሰው ነው። ስለዚህ "ስልጠና ነው" ብሎ መዋሸት ከተራ ውሸት ይከፋል። እናትን እንደዚያ ሕፃን አፏን ይዘጋል፤ የምትረዳ እንጂ የምትጠየቅ አያደርጋትም።

ስለዚህ ደወልኩላት።

"እማ፣ ከጓደኞቼ ጋር ታይላንድ ልሄድ ነው።"

"ለሥራ ነው?"

"አይ፣ ለመዝናናት።"

"ስንት ይፈጃል?"

ነገርኳት። ዝም አለች። "ይሄማ ቤቱን በሙሉ አዲስ ቆርቆሮ ያለብሰው ነበር" አለች ቀስ ብላ። እኔም ዝም አልኩ፤ ልክ ነበረች። ትንሽ ቆይታ "መመለሻው ተቆርጧል?" አለች።

"አዎ፣ ደርሶ መልስ ነው።"

"እንግዲያው ሂድ። አላህ በደህና ይመልሳችሁ። ጣሪያውን ግን ክረምት ሳይገባ ትደርስለታለህ።"

ይህን ጥያቄ ለመረዳት እሷ አሶሳ እንዴት እንደመጣች ማወቅ ያስፈልጋል። በ1977 ዓ.ም. መንግሥት በድርቅ ከተመቱት የሰሜን አካባቢዎች 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ እሷ ከወሎ ከቤተሰቧ ጋር የመጣች የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። የት እንደሚሄዱ በደንብ የነገራቸው የለም። መመለሻ የሚባል ነገርማ አልነበረም። እኛ የሠፋሪ ልጆች "አምባ" እየተባሉ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ያደግነው ከዚያ ጉዞ የተነሳ ነው። የእሷ ትውልድ የሚያውቀው ጉዞ ይሄ ነው፦ ርሃብ ወይም መንግሥት ሲገፋህ ትሄዳለህ፣ በደረስክበት ትቀራለህ። በኩርሙክ የሚገቡትም ሰዎች የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ወዶ መሄድ፣ አይቶ መመለስ ግን በቤታችን ታሪክ ያልነበረ ነገር ነው።

የባንኮክ ኢሚግሬሽን ሠራተኛም የጠየቀን ያንኑ ነው፤ መመለሻ ትኬት። እሱ እንዳንቀርበት ነው፤ እሷ እንዳልቀርባት።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ቀናት ተራ ነበሩ፣ ተራነታቸው ነው ደስ የሚለው። በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ በሕዝብ ጀልባ ተመላለስን። ዋት አሩንን ከማዶ ሆነን ስንመለከት አመሸን። ቱክቱካቸውን "ባጃጅ" እያልን ዋጋ ተከራከርን። አሶሳ በወቅቱ ከዛፍ ሥር ወድቆ የሚበሰብሰውን ማንጎ እዚያ ተልጦ፣ ከሚጣበቅ ሩዝና ከኮኮናት ወተት ጋር ተሰናድቶ ገዝተን በላን። የሞባይል ነጋዴው ጓደኛችን "ይሄን እኛ ጋ..." ብሎ ሲጀምር አስቆምነው። ንግድ ከወጣለት ደግ፤ ለደስታችን ማስረጃ እንዲሆን ግን አልፈለግንም።

ደሃ መንቀሳቀስ ያለበት ሲቸገር ብቻ ነው የሚል ሳይነገር የሚታመን ሕግ ያለ ይመስለኛል። የሀብታም ልጅ ሲሄድ "ሊያይ ሄደ" ይባላል፤ የደሃ ልጅ ሲሄድ "ምን ሊያመጣ ሄደ?" ይባላል። ይህን ሕግ እኛው ራሳችን ከተቀበልነው ድህነቱ ከኪስ አልፎ ፍላጎታችን ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መልሴ "አዎ፣ መብት አለን" የሚሆነው። "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" የሚለው ተረት ግን ግማሽ ነው፤ ስትቆርስ ሰው እያየህ ይሁን። ዋጋውን በሙሉ ድምፅ መናገር ያቃተህን ጉዞ አትሂድ። ከተናገርክ ደግሞ የሚመጣውን መልስ ስማ። እማ ይቅርታ አላደረገችልኝም፤ ተደራደረችኝ። ጣሪያው ክረምት ሳይገባ ተሠራ። በዚያ ዓመት ሌላ ጉዞ አልነበረም።

አንድ የማይዘጋ ቀዳዳ ይቀራል። የእናቴ ፈቃድ የእናቴን ድርሻ ይመለከታል። ኡራ ያለችውን ሱዳናዊት እናት ማንም አልጠየቃትም፤ የእሷን ድርሻ እማ ልትለቅልኝ አትችልም። ስለዚህ አራታችን የቀጣዩን ጉዞ በጀት ስናወጣ ከትኬቱ በላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ለመጠለያው የሚሆን ድርሻ ጽፈናል። ትንሽ ነው፤ ሲንገር ይስቅበታል። ለእኛም አይበቃንም፤ ባየነው ቁጥር ያሳፍረናል። ሳይሰረዝ እንዲቆይ የተስማማነውም ለዚሁ ነው።